ደወሉ ሳይቋረጥ፦ ትምህርት ሳይዘጋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ማደስና ማዘመን

የትምህርት ቤት እድሳት በተነሣ ቁጥር ከስብሰባው የሚሰማው የመጀመሪያ ሐሳብ «ክረምት ላይ ይሠራ» የሚል ነው። ተማሪ የለም፣ ግቢው ባዶ ነው፣ ታዲያ ከዚህ የተሻለ ጊዜ ከወዴት ይመጣል? ችግሩ የእኛ ረጅም ዕረፍት የሚውለው በሐምሌና በነሐሴ መሆኑ ነው። በአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ አካባቢ እነዚህ ሁለት ወራት ዝናቡ የሚበረታባቸው ናቸው። ጣሪያ ተነሥቶ፣ መሠረት ተቆፍሮ፣ አሸዋ ሜዳ ላይ ተደፍቶ የሚሠራበት ወቅት አይደለም። ለግንባታ የሚመቹት ደረቅ ወራት ደግሞ ክፍሎቹ ሁሉ በተማሪ የተሞሉባቸው ናቸው።

ስለዚህ ከባዱ ሥራ ተማሪዎች ግቢ ውስጥ እያሉ መሠራቱ አይቀርም። የሚቻለው በሥርዓት እንዲሠራ ማድረግ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለርዕሰ መምህራን፣ ለወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት (ወተመህ) አባላትና ሥራውን እንዲከታተሉ ለተመደቡ ሰዎች ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደረጃ የሚያዘው አንድ ደንብ አለ፦ የሥራውን ቀንና ሰዓት የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ግንባታው ለትምህርቱ ይታዘዛል፣ ትምህርቱ ለግንባታው አይታዘዝም።

1. መጀመሪያ ሕንፃውን ያስመርምሩ

በታመመ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ዓመት ሳይሞላው ይላጣል። ስለዚህ ስለ ቀለም ከማውራትዎ በፊት መሐንዲስ ይጥሩ። የወረዳው ወይም የክፍለ ከተማው ግንባታ ክፍል ባለሙያ መላክ ካልቻለ፣ በአቅራቢያ ያለ ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምሕንድስና ክፍል በማኅበረሰብ አገልግሎት በኩል እንዲያግዝዎ በደብዳቤ ይጠይቁ።

ምርመራው ከላይ ወደ ታች ይሂድ፦ ጣሪያ፣ አሸንዳ፣ ኮርኒስ፣ ግድግዳ፣ ወለል፣ መሠረት፣ በመጨረሻም የመብራትና የውኃ መስመር። ይህ ቅደም ተከተል ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ግድግዳ ሥር የሚታየው እርጥበትና የወለል መሰንጠቅ ብዙ ጊዜ መነሻው የተበሳ አሸንዳ ወይም ከግድግዳው ሥር የሚቆም የጎርፍ ውኃ ነው። ምክንያቱ ሳይነካ ውጤቱን መለሰን ገንዘብ መጣል ነው። አሸንዳው ብቻ ተቀይሮ፣ በሕንፃው ዙሪያ የውኃ መውረጃ ቦይ ተሠርቶ የሚድን ብሎክ አለ፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ስንጥቅ ካለ ዓይነቱን ይለዩ። በልስኑ ላይ ብቻ ያለ ቀጭን ስንጥቅ አያሰጋም። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ ሰያፍ የሚሄድ፣ ግድግዳውን ከውስጥ እስከ ውጭ የበሳ ስንጥቅ ግን የመሠረት መንቀሳቀስ ምልክት ሊሆን ይችላል። በስንጥቁ ላይ ትንሽ የጂፕሰም ልጥፍ አድርገው ቀኑን ይጻፉበት፤ ከሳምንታት በኋላ ልጥፉ ከተሰነጠቀ ግድግዳው አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ክፍል መሐንዲስ ሳይፈቅድ ተማሪ አይግባበት።

በጭቃና በእንጨት የተሠሩ ብሎኮችን በቀላሉ መፈተን ይቻላል። ምሰሶዎቹን ከመሬት አጠገብ በካቻቢቴ ይውጓቸው። ብረቱ ያለ ችግር ወደ ውስጥ ከገባ ምስጥ ወይም ብስባሽ ጨርሶታል። አብዛኛው ምሰሶ እንዲህ ከሆነ ብሎኩን ማደስ ትርፉ ድካም ነው፤ የሚሻለው በዕቅድ አፍርሶ መሥራት ነው።

ሁለት ነገሮችን በተለይ ያስመርምሩ። አንደኛው የቆየ የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ጣሪያ ነው። ሳይነካ ሲቀመጥ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ሲሰበርና ሲጋዝ የሚወጣው ብናኝ ግን ከረጅም ጊዜ በኋላ የሳንባ ካንሰርን ጨምሮ ከባድ በሽታ ያመጣል። እንዲህ ያለ ጣሪያ ተማሪ ግቢ ውስጥ እያለ አይነሣም። ሲነሣም በውኃ እየራሰ፣ ሳይሰበር፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በሚያመለክተው ቦታ ይወገዳል። ሁለተኛው እርሳስ ያለበት አሮጌ የዘይት ቀለም ነው። በደረቁ አይፋቅ፤ ይርጠብና ይፋቅ፣ ፍቅፋቂውም ተጠርጎ ይወሰድ። አዲስ ቀለም ሲገዙ ደግሞ ከ90 ፒፒኤም በላይ እርሳስ እንደሌለበት የሚገልጽ ማረጋገጫ ይጠይቁ።

ትምህርት ቤትዎ ረጅም ዕድሜ ካላቸው አንዱ ከሆነ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩ ናቸው። እንዲህ ባሉ ግቢዎች ውስጥ በቅርስነት የተመዘገበ ሕንፃ ሊኖር ስለሚችል፣ አንድ መስኮት እንኳ ከመቀየርዎ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ያግኙ።

ምርመራው ሲያልቅ እያንዳንዱ ብሎክ ከሦስት ዝርዝሮች በአንዱ ይግባ፦ የሚፈርስ፣ የሚታደስ፣ ደኅና ሆኖ የሚዘመን። በጀት ሲያንስ መጀመሪያ የሚቀነሰው ከሦስተኛው ዝርዝር ነው።

2. ወራቱን ይደልድሉ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚቸገሩት በዚህ ነው። ገንዘቡ ሐምሌ ላይ ይፈቀዳል፤ የሥራ ዝርዝር ሲዘጋጅ፣ ጨረታ ሲወጣ፣ ውል ሲፈረም ጥር ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ እንዳይመለስ ሲባል ሥራው ሁሉ በግንቦትና በሰኔ፣ ልክ በፈተና ሰሞን፣ ይከመራል።

መፍትሔው ወረቀቱን ከገንዘቡ ማስቀደም ነው። የሚከተለው ድልድል ለአብዛኛው የክረምት ዝናብ አካባቢ ይሠራል።

ከመጋቢት እስከ ሰኔ፦ ምርመራ፣ ንድፍ፣ የሥራ ዝርዝርና የዋጋ ግምት ይጠናቀቃል። የሕንፃ ሹም ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ ካለ ማመልከቻው በዚህ ጊዜ ይገባል።

ከሐምሌ እስከ መስከረም፦ ጨረታ ይወጣል፣ ውል ይፈረማል። በዚሁ ክረምት ጣሪያ የማይነካ የውስጥ ሥራ ይሠራል፦ የመብራት መስመር፣ በርና መስኮት፣ ልስን፣ የወንበር ጥገና። የእርጥበት ወቅት ስለሆነ ልስንና ቀለም ለመድረቅ ተጨማሪ ቀናት ይያዝላቸው።

ከጥቅምት እስከ የካቲት፦ ቁፋሮ፣ መሠረት፣ አርማታ፣ ጣሪያ ማንሣትና መክደን። የዓመቱ ከባድ ሥራ ሁሉ እዚህ ይግባ።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት፦ ልስን፣ ኮርኒስ፣ ወለል፣ ቀለም። የበልግ ዝናብ በሚያገኛቸው አካባቢዎች ክፍት ጣሪያ ይዘው መጋቢት አይግቡ።

ሰኔ፦ ሥራ አይጀመርም፤ የተጀመረው ብቻ ይጠናቀቃል።

ቦረና፣ ጉጂና ሶማሌ አካባቢ ላሉ ትምህርት ቤቶች ድልድሉ ይቀየራል። እዚያ ዋናው ዝናብ በፀደይና በመኸር ስለሚጥል ሐምሌና ነሐሴ ደረቅ ናቸው፤ «ክረምት ላይ ይሠራ» የሚለው ምክር በእርግጥ የሚሠራው እነሱ ዘንድ ነው።

3. ተማሪዎች የት ይቀመጣሉ?

ትምህርት ሳይቋረጥ ማደስ ማለት በማንኛውም ጊዜ ጥቂት ክፍሎች ለሠራተኛ ባዶ ሆነው እንዲገኙ ማድረግ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ተለዋጭ ክፍሎችን ይፍጠሩ። ስብሰባ አዳራሹ በኮምፔልሳቶ ለሁለት ይከፈላል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ግማሹን ይለቃል፤ የማይሠራበት የክበባት ክፍል ይጸዳል። በቅርብ ያለ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሰዓት ክፍሎቹ ባዶ ከሆኑ በስምምነት ይዋሳሉ። ድንኳንና የቆርቆሮ ዳስ የመጨረሻ አማራጭ ይሁኑ፤ እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮ ሥር የተቀመጡ 50 ተማሪዎች ትምህርት አይገባቸውም።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። ትምህርት ቤቱ በ6 ብሎክ 24 ክፍሎች አሉት እንበል፣ በእያንዳንዱ ብሎክ 4። ተለዋጭ 4 ክፍሎች ተገኝተዋል፤ አንድ ብሎክ ለማደስ 6 ሳምንት ይፈጃል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ወደ 32 ሳምንት አለ። በወረቀት ላይ 5 ብሎኮች ይገባሉ፤ 2 ሳምንት ብቻ ይተርፋል። ይህ ዕቅድ የሲሚንቶ እጥረት በተፈጠረ ማግሥት ይፈርሳል። የሚሻለው 4 ብሎክ ማቀድ ነው፦ 24 ሳምንት ለሥራ፣ 8 ሳምንት ለፈተናና ለመዘግየት። የቀሩት ሁለቱ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋሉ። ለማኅበረሰቡ ከመጀመሪያው «ሁለት ዓመት ይፈጃል» ብሎ መንገር፣ አንድ ዓመት ብሎ ሁለት ከመቆየት ይሻላል።

ተማሪን ለማዘዋወር ሁለት መንገድ አለ። በመጀመሪያው፣ የአንደኛው ብሎክ ተማሪዎች ወደ ተለዋጭ ክፍል ይሄዳሉ፤ ብሎኩ ሲያልቅ የሁለተኛው ብሎክ ተማሪዎች እዚያው ገብተው ይቀራሉ፣ የሦስተኛው ተማሪዎች በሁለተኛው ይገባሉ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ከመጀመሪያዎቹ በቀር ሁሉም የሚዘዋወረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሁለተኛው መንገድ ሁሉም በየተራው 6 ሳምንት ተለዋጭ ክፍል ቆይቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። ተለዋጭ ክፍሎቹ ደኅና ከሆኑ የመጀመሪያውን ይምረጡ፤ ግርግሩ በግማሽ ይቀንሳል። ዳስና ድንኳን ከሆኑ ግን አንድን ክፍል ዓመቱን ሙሉ እዚያ ማስቀመጥ ፍትሕ አይደለም፤ ሁለተኛውን ይምረጡ።

በሁለቱም መንገድ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አይነኩም። ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ተፈታኞች ጀምሮ ብሔራዊ ፈተናውን ለመፈተን ወደ ዩኒቨርሲቲ መሄድ ቢጀምሩም የሚዘጋጁት እዚሁ ነው። የእነሱ ብሎክ በክረምት ወይም በመጨረሻ ይሠራ፤ ከግንባታው አጠገብ ያለ ብሎክም አይሰጣቸው።

ክፍል ፈጽሞ ካልተገኘ ፈረቃ ይቀራል። 40 ደቂቃ የሚፈጅ 6 ክፍለ ጊዜ ከ20 ደቂቃ ዕረፍት ጋር 4 ሰዓት ከ20 ይወስዳል፦ ጠዋት ከ2፡00 እስከ 6፡20፣ ከሰዓት ከ6፡40 እስከ 11፡00። ፈረቃ ክፍሎቹን በግማሽ ያስለቅቃል፤ በአንጻሩ ለጫጫታ ሥራ የሚሆን የቀን ሰዓት አያስቀርም። ከሩቅ የሚመጡ ሴት ተማሪዎች ማምሸታቸውም ያሳስባል። ስለዚህ ለመላው ትምህርት ቤት ሳይሆን ለአንድ የክፍል ደረጃ ብቻ፣ የመነሻና የማብቂያ ቀኑ ተጽፎ ይሁን።

4. ውሉ ውስጥ ምን ይጻፍ?

ተቋራጩ ለባዶ ቦታ በተዘጋጀ ውል ከገባ በኋላ «ጸጥ በሉ» ማለት ልመና ነው። በጨረታ ሰነዱ ላይ አስቀድሞ ከተጻፈ ግን ዋጋውን ሲሞላ አስቦበት ይሞላል። የሚከተሉት እንዳይቀሩ።

ተቋራጩ ሕንፃውን በብሎክ በብሎክ ከፋፍሎ ይረከባል፤ ያለፈው ብሎክ ሳይጠናቀቅ ቀጣዩ አይነካም። ክፍያ የሚፈጸመው በተጀመረ ሳይሆን በተጠናቀቀ ብሎክ ልክ ነው። ቅድመ ክፍያ ያለ ዋስትና አይለቀቅም፤ ከየክፍያው የሚያዘው መያዣም የጉድለት ማረሚያ ጊዜው እስኪያልቅ አይመለስም።

የጫጫታ ሰዓትና የጸጥታ ቀናት ከነቀናቸው በአባሪ ይያያዛሉ። የሞዴል ፈተና፣ የሴሚስተር ፈተናና የክልል ፈተና ቀኖች ሁሉ ይዘርዘሩ። ተቋራጩ ለእነዚህ ቀናት የሥራ ማራዘሚያ እንደማይጠይቅ ይጻፍ።

ሠራተኞች ስም ያለበት መታወቂያ ያደርጋሉ፤ የራሳቸው መግቢያና ሽንት ቤት ይኖራቸዋል፤ ከተማሪ ጋር ምንም ዓይነት ግላዊ ግንኙነት አይፈጥሩም። ይህን ደንብ ፎርማኑ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ የቀን ሠራተኛ ተነቦለት ይፈርም። ደንቡን የጣሰ በዚያው ቀን ይሰናበታል።

የተቋራጩ የውኃና የመብራት ፍጆታ በራሱ ቆጣሪ ይለካል። ሠራተኛው ግቢውን በየቀኑ ጠርጎ፣ ምስማርና የቆርቆሮ ቁራጭ ለቅሞ ይወጣል።

በተጓዳኝ አንድ ነገር ከውሉ ውጭ ይከልከል፦ ተማሪን ድንጋይና ብሎኬት ማሸከም። ለአካባቢ ጽዳት የሚደረግ ዘመቻ ሌላ ነገር ነው፤ በግንባታ ቦታ ላይ ግን ተማሪ ጉልበት ሆኖ አይቆጠርም።

5. አጥሩ ከመዶሻው ይቀድማል

የመጀመሪያው የግንባታ ቀን ሥራ ማፍረስ ሳይሆን ማጠር ነው። እየተሠራ ያለው ብሎክ ዙሪያውን ቢያንስ 2 ሜትር ከፍታ ባለው ቆርቆሮ ይታጠር፤ የቆርቆሮው ስለታም ጠርዝ ወደ ውጭ አይውጣ። አጥሩ ከግድግዳው ራቅ ይበል፣ ከላይ የሚወድቅ ዕቃ ወደ ተማሪ መንገድ እንዳይደርስ። የሠራተኛው በር ከተማሪው በር የተለየ ይሁን። ግቢው አንድ በር ብቻ ካለው ጊዜውን ይለያዩ፦ ተማሪ በሚገባበትና በሚወጣበት ግማሽ ሰዓት አይሱዙም ሲኖትራክም አይግባ። ሌላ ጊዜ የሚገባ መኪናም ከፊት ለፊቱ የሚሄድ ሰው ይኑረው።

ለታዳጊ የሚማርከው ነገር ሁሉ አደጋ ነው። የአሸዋ ክምር፣ የተጋደመ መሰላል፣ ክፍት የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ የኖራ ጉድጓድ፣ የውኃ በርሜል፤ እነዚህ ሁሉ በአጥሩ ውስጥ ይሁኑ ወይም በከባድ ክዳን ይከደኑ። የባሕር ዛፍ መወጣጫ ታችኛው ርብራብ ማታ ማታ ይነሣ፤ ቅዳሜና እሑድ ኳስ ለመጫወት የሚመጣ ልጅ አይወጣበትም።

በየብሎኩ የነበረው የመውጫ መንገድ በግንባታው ከተዘጋ አዲሱ መንገድ በቀስት ይመላከት። አንድ ጊዜ በደወል ልምምድ ይደረግ፣ ማን ከየት ወጥቶ የት እንደሚቆም ተማሪው በእግሩ ይወቀው።

6. ጫጫታና አቧራ

የሥራዎችን ዝርዝር ይዘው ከፎርማኑ ጋር በሁለት ይክፈሉት። ጸጥ ያለ ሥራ፦ ቀለም፣ ሽቦ መዘርጋት፣ ብሎኬት መደርደር፣ ልስን። ጯሂ ሥራ፦ ማፍረስ፣ ግራይንደር፣ ድሪል፣ የአርማታ ማሽን፣ ቆርቆሮ መምታት። ጸጥ ያለው ቀኑን ሙሉ ይፈቀዳል። ጯሂው የሚፈቀደው ከጠዋቱ 2፡00 በፊት፣ በምሳ ሰዓት፣ ከትምህርት በኋላና ቅዳሜ ነው። ብረት መቁረጥና እንጨት መሰንጠቅ ከተቻለ ከግቢው ውጭ ተሠርቶ ይምጣ።

ወለል አርማታ ሲሞላ አንዴ ከተጀመረ መካከል ላይ አይቆምም። ስለዚህ ለዚያ ቀን ዓርብ ከሰዓትን ወይም ቅዳሜን ይያዙ። ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ ይጠጣል፤ ጥንካሬው የሚለካውም በ28ኛው ቀን ነው። «ደርቋል፣ ተማሪ ይግባበት» የሚል ጥድፊያ ቢመጣ እምቢ ይበሉ።

አቧራ አስም ላለበት ተማሪ ከጫጫታ የባሰ ነው። የሚፈርስ ግድግዳ ይርጠብ፣ ፍርስራሽ ከፎቅ በቱቦ ወይም በማዳበሪያ ይውረድ እንጂ አይወርወር፤ ወደ ግንባታው የሚያይ መስኮት በፕላስቲክ ይሸፈን። የዘይት ቀለም የተቀባ ክፍል መስኮቱ ተከፍቶ ለጥቂት ቀናት ሽታው ይውጣለት።

7. ውኃ፣ ሽንት ቤትና መብራት

ዕቅድዎ የሚጀምረው ከክፍል ሳይሆን ከሽንት ቤት ይሁን። ነባሩ ከመፍረሱ በፊት ተተኪው አገልግሎት መስጠት መጀመር አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ለ25 ሴት ተማሪዎች አንድ መቀመጫ፣ ለ50 ወንዶች አንድ መቀመጫና የሽንት መሽኛ የሚል ነው። ብዙ ትምህርት ቤት ከዚህ ይርቃል፤ ቢያንስ በግንባታው ወቅት ቀድሞ ከነበረው ቁጥር አይቀንስ። የሴቶች ሽንት ቤት ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ውኃ የሚደርሰው፣ ከሠራተኞች መመላለሻ የራቀ ይሁን። ይህ ካልተሟላ በወር አበባ ጊዜ የሚቀሩ ተማሪዎች ቁጥር ይጨምራል።

መብራትና ውኃ የሚቋረጥበት ቀን ሦስት ቀን ቀድሞ ይነገር። የነባሩና የአዲሱ መስመር መጋጠሚያ የሚሠራው ተማሪ በሌለበት ብቻ ነው። የተንጠለጠለ ሽቦ ለአንድ ሌሊትም ቢሆን አይተውም።

8. መዝገብ ቤትና ቤተ ሙከራ

ክፍል ቢዘንብበት ይደርቃል፤ ሮስተር ቢዘንብበት ግን የአንድ ሰው ትራንስክሪፕት ከነማስረጃው ይጠፋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚዘዋወረው መዝገብ ቤቱ ነው። ከመነሣቱ በፊት ሮስተሮቹ በዓመተ ምሕረት ተለይተው ፎቶ ይነሡ ወይም ስካን ይደረጉ፤ ቅጂው ከግቢው ውጭ ይቀመጥ። ከዚያ ጣሪያው በማይነካ ክፍል፣ ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ይግባ።

የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራን የሚያነሣው የቤተ ሙከራ ባለሙያው እንጂ የቀን ሠራተኛ አይደለም። ምልክቱ የጠፋ ጠርሙስ ይለያል፤ አሲድ ከሚቀጣጠል ፈሳሽ ጋር በአንድ ሣጥን አይገባም። ጊዜው ያለፈበት ኬሚካል ወደ ቦይ አይደፋም።

9. ማዘመን ሲባል ምን ይቅደም?

ዘመናዊነት በሚያብለጨልጭ መስተዋት አይለካም፤ መምህሩ ከፊት ሲናገር ከኋላ የተቀመጠው መስማቱ ይቀድማል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ትምህርት ይቆማል። ጥሩ ኮርኒስ ይህን ጩኸትና ሙቀቱን አብሮ ስለሚቀንስ ከሁሉ ይቅደም። ቀጥሎ ብርሃንና አየር፦ መስኮቶች በሁለቱም ግድግዳ፣ የሚከፈቱ፣ ከወለሉ ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል ቢሆኑ። በሮች ወደ ውጭ ይከፈቱ።

ግድግዳ ከመለሰኑ በፊት የመብራትና የኢንተርኔት ቱቦ ይቀበር፤ ሽቦው ዛሬ ባይገዛ እንኳ ቱቦው ይኑር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለፕላዝማ ትምህርት የተሠሩ መስመሮችና የብረት ሣጥኖች ካሉ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ይታዩ፤ የሚሠራው ይቆይ፣ የማይሠራው ይነሣ። የመሬት መስመርና የመብረቅ መከላከያ አይዘለሉ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኦንላይን እየተሰጠ በመሆኑ የኮምፒዩተር ክፍሉ የራሱ መስመርና ብሬከር ይኑረው። የቀድሞ ተማሪዎች፣ በውጭ አገር ያሉትም ጭምር፣ ኮምፒዩተር ሊልኩ ፈቃደኞች ሲሆኑ መጀመሪያ የሽቦውንና የመጠባበቂያ ኃይሉን ወጪ እንዲሸፍኑ ይጠይቋቸው። ኃይል የሌለው ክፍል ውስጥ የተቆለለ ኮምፒዩተር ብረት ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ አስገድዷል። የተለመደው የመወጣጫ ተዳፋት 1 ለ12 ነው፦ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መግቢያ 3 ሜትር ከ60 ርዝመት ያለው መወጣጫ ይፈልጋል። ቦታው ከአሁኑ ይለካ፤ ኋላ ሲታወስ ከደጃፉ ፊት ቦይ ተሠርቶ ይገኛል።

አሸንዳው አዲስ ከሆነ ወደ ታንከር ይግባ። 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 2,000 ሊትር ነው፤ የሚባክነው ተቀንሶ ከ1,600 ሊትር የማያንስ ይገኛል። ለሽንት ቤትና ለችግኝ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

10. ሰው ሁሉ ይወቅ

ከሥራው በፊት ወላጆችን ሰብስበው ሦስት ነገር ይንገሩ፦ ምን ይሠራል፣ መቼ ያልቃል፣ ቅሬታ ለማን ይቀርባል። የብሎኮቹ ተራ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። የሳምንቱ ለውጥ ሰኞ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ይነገር፣ በዕረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያ ይደገም።

ዓርብ ዓርብ ርዕሰ መምህሩ፣ የወተመህ ተወካይ፣ የተማሪዎች ተወካይ፣ ተቆጣጣሪ መሐንዲሱና ፎርማኑ ግማሽ ሰዓት ይገናኙ። አጀንዳው አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ በሳምንቱ ምን ተሠራ፣ ምን ዘገየ፣ የትኛው ክፍል ትምህርት ተስተጓጎለበት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ምን ይጮኻል። የተስተጓጎለው ክፍለ ጊዜ ይመዝገብ፤ ማካካሻው በዚያው ሳምንት ቀን ይቆረጥለት። ይህ መዝገብ ከሌለ በዓመቱ መጨረሻ ያልተሸፈነው ምዕራፍ የመምህሩ ጥፋት ይሆናል።

የዕቃ መዝገብም እንዲሁ። ሲሚንቶ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ርቆ፣ ከ10 ከረጢት በላይ ሳይደራረብ ይቀመጥ፤ ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሲሚንቶ ኃይሉ ስለሚቀንስ ርካሽ ነው ተብሎ የዓመቱ አይከማች። ገቢና ወጪው በሁለት ሰው ፊርማ ይሁን፤ በሕዝብ መዋጮ የተገዛ ከሆነ ሒሳቡ በየወሩ ይለጠፍ።

11. ርክክብ

ብሎክ የሚረከቡት በፀሐያማ ቀን በዓይን በማየት ብቻ አይደለም። ጣሪያው ላይ በቱቦ ውኃ ያፍሱበት፤ አሸንዳው ወዴት እንደሚወስድ ይዩ። እያንዳንዱን በርና መስኮት ከፍተው ይዝጉ። ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ያስፈትሹ፣ የመሬት መስመሩን መሐንዲሱ በመሣሪያ ይለካው። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰሌዳው ያንጸባርቅ እንደሆነ ይመልከቱ። ጉድለቱ ተጽፎ፣ ቀን ተቆርጦለት፣ ተፈርሞ ይቀመጥ። የመጨረሻው ክፍያ ከዚህ ዝርዝር በፊት አይወጣም።

ለጥገና የሚሆን ገንዘብም ከውስጥ ገቢው በየዓመቱ ይመደብ። በየዓመቱ ግንቦት ላይ አሸንዳ ማጽዳት፣ የላላ ቆርቆሮ መምታትና የተሰበረ መስተዋት መተካት ጥቂት ብር ይፈጃል፤ ይህ የማይደረግበት ሕንፃ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደገና ለእድሳት ይሰለፋል።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የ«ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ ብዙ ማኅበረሰብን ለትምህርት ቤት እድሳት አነሣሥቷል። ገንዘብና ጉልበት ሲገኝ ቶሎ መዶሻ ማንሣት ያጓጓል። ከዚያ በፊት ግን የዓመቱን የትምህርት ካላንደር፣ የፈተና ቀኖቹንና የብሎኮቹን ተራ በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩና ለተቋራጩ ይስጡት። ያንን ወረቀት ሊፈርምበት ያልፈለገ ተቋራጭ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያንስ ሥራውን አይስጡት።